አረጋውያንን ቶሎ የሚጥለው የወረደው ስኳር ነው

ስኳር ያለባቸው አባት ወይም እናት ባሉበት ቤት ጠዋት ጠዋት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዛሬ ስንት ሆነ?» የሚል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቤቱ ይረበሻል። ለስላሳው ይደበቃል፤ «አባባ፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?» የሚል ምርመራ ይጀመራል። ዝቅ ብሎ ሲገኝ ግን አንዱ «ተመስገን»፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መለኪያውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ስኳር ሕመም ማለት ስኳር መብዛት ነውና፣ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። ለአንድ የአርባ ዓመት ሰው ይህ እምነት ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ኢንሱሊን ለሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ለሚውጡ ሰዎች ግን አደገኛ ስሕተት ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በጭሮና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ባለው አበላል፣ አዋዋልና የሕክምና ቀጠሮ ልማድ ውስጥ ለሚኖር አረጋዊ፣ ከወጣው ስኳር ይልቅ የወረደው ስኳር ቶሎ ይጥለዋል። ቤተሰቡም፣ አንዳንዴም ባለሙያው፣ የሚጠነቀቀው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

ስኳር ወረደ የሚባለው በደም ውስጥ ያለው መጠን በመለኪያው ላይ ከ70 በታች ሲሆን ነው። ከ54 በታች ሲገባ አእምሮ ሥራውን በአግባቡ መሥራት ያቅተዋል፤ ምክንያቱም አእምሮ ለራሱ የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም፣ ከደም በየደቂቃው የሚደርሰውን ስኳር ነው የሚጠቀመው። ታማሚው ራሱን መርዳት ተስኖት ሌላ ሰው ካስፈለገው ደግሞ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ሁኔታው ከባድ ይባላል። ወጣት ሰው ስኳሩ ሲወርድ ሰውነቱ ራሱ ያስጠነቅቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ክፉኛ ይርበዋል። ስለዚህም ሮጦ የሆነ ነገር አፉ ውስጥ ይጨምራል። ዕድሜ ሲገፋና ሕመሙ ብዙ ዓመት ሲቆይ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ እየደከመ ይሄዳል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚታዘዙት እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ ክኒኖችም መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቁታል። ላቡ ብቻ ይቀራል፤ እሱንም ሙቀት ነው ብለን እናልፈዋለን።

በአረጋውያን ላይ ቀድሞ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ንግግር ይንተባተባል። የቤቱን ሰው ስም ያሳስታሉ፣ ያለ ምክንያት ይቆጣሉ፣ ወይም ደግሞ ዝም ብለው ይፈዛሉ። ከአልጋ ሲነሱ ይወድቃሉ። አንዳንዴ አንድ እጅና እግር ዝሎ የአንጎል ደም መፍሰስ መስሎ የሚመጣም አለ፤ ስኳር ሲሰጥ ግን ይለቃል። በቤት ውስጥ ይህን የምንተረጉመው እንደየልማዳችን ነው፤ «ጃጅተዋል»፣ «ምርቃናው ነው»፣ «እንቅልፍ ስላጡ ነው»፣ ሲብስም «ጂን ነው» እንላለን። ከእነዚህ ትርጉሞች ማንኛቸውም ወደ ስኳር ዕቃው አያስኬዱም። በዚህ መሃል የሚወድቁ እናት የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል፤ ሰበቡም «እግሯን አዳልጧት» ተብሎ ይመዘገባል። ደጋግሞ የሚወርድ ስኳር የልብን ምት ያዛባል፣ የማስታወስ ችሎታንም እየሸረሸረ ይሄዳል። የማስታወስ ችሎታው የተዳከመ ሰው ደግሞ ክኒኑን መዋጡን ረስቶ ደግሞ ይውጣል፤ መብላቱን ሳያስታውስም ሳይበላ ይውላል።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከአረጋውያን መጦሪያ ተቋማት ጋር ተያይዞ ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. በእነዚህ ተቋማት ስለሚኖሩ ሕመምተኞች ለብቻው መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ ትልቁ ጭንቀቱ የስኳር መውረድ ነበር። እንደዚያ ባለው ተቋም ነርስ አለች፣ የምግብ ሰዓት አለ፣ የተበላውንና የተረፈውን የሚመዘግብ ሰው አለ፤ ያም ሆኖ አደጋው አልቀረም። እኛ ጋ፣ አዲስ አበባ ካለው መቄዶንያና ከመሰሎቹ ጥቂት ማዕከላት በቀር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማለት የልጅ ቤት ነው። ነርሷ ልጅ ናት፣ የልጅ ሚስት ናት፤ ሲብስም ከትምህርት ቤት የተመለሰች የልጅ ልጅ ናት። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ እኔም በተቋም ይለወጥ አልልም። ግን ይህችን ነርስ ማን አሠለጠናት?

የኢንሱሊን መርፌ እንዴት እንደሚሰጥ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ከብልቃጡ የሚወጣው ኤን.ፒ.ኤች. የሚባለው ኢንሱሊን ደፍረስ ያለ ነጭ ፈሳሽ ነው፤ ሲቀመጥ ነጩ ከታች ይዘቅጣል። ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መሃል አሥር፣ ሃያ ጊዜ ቀስ ብሎ መንከባለል አለበት እንጂ አይወዘወዝም። ካልተንከባለለ አንድ ቀን ቀጭኑ፣ ሌላ ቀን ወፍራሙ ይቀዳል፤ ልኩ በሲሪንጁ ላይ አንድ ዓይነት ቢሆንም ወደ ሰውነት የሚገባው የተለያየ ነው። በብዙዎቹ የአንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች ላይ እያንዳንዷ ትንሽ መሥመር ሁለት ዩኒት ናት፤ በግማሽ ሚሊ ሊትሩ ላይ ግን አንድ ዩኒት ናት። ሲሪንጁ ሲቀየር «አሥር መሥመር» ብሎ የለመደ እጅ ዕጥፍ ሊወጋ ይችላል። ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው አባት ይህን በኩራዝ ወይም በስልክ መብራት ሲቀዱ ማሰብ ያስጨንቃል። ለብዙ ዓመት አንድ ቦታ የተወጋ ሆድ ወይም ጭን ደግሞ ያብጥና ይጠጥራል፤ ከዚያ ቦታ ኢንሱሊኑ ወደ ደም የሚገባው እያቅማማ ነው። አንድ ቀን ደግ ልጅ «እዚህማ ያምዎታል» ብላ ወደ ለስላሳው ቆዳ ብታዞረው፣ ያው የድሮው ልክ ሙሉ በሙሉ ይሠራና ሌሊቱን ይጥላቸዋል። ልጅቷ ያደረገችው በፍቅር ነው፤ ይህን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ባዶ ሆድ የሚያገኘው መድኃኒት

ኢንሱሊንም ሆነ ግሊቤንክላማይድ የሚመጣው ምግብ ታስቦ የሚታዘዙ ናቸው። ምግቡ ከቀረ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ብቻ ያገኛል፤ እሱንም ያወርደዋል። እንግዲህ በዚህ ዞን የአንድ አረጋዊ ምግብ የሚቀረው መቼ ነው ብለን እንጠይቅ።

መጀመሪያ ጫቱን እናንሳ። የጫቱን ነገር ደፍሮ ሳያነሱ በምዕራብ ሐረርጌ ስለ ስኳር መጻፍ አይቻልም። ብዙ ሰው ቀኑን የሚጀምረው በዐይን መግለጫው ጫት፣ በኢጃባና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫው አለ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያልፍበትን ጊዜም እንደሚያዘገይ በጥናት ታይቷል። በርጫው ላይ ለስላሳ አለ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ፣ ስለዚህ አመሻሹ ላይ ቢለካ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። ልብ በሉ፣ አደጋው የሚወለደው እዚህ ጋ ነው። ከፍ ያለውን ቁጥር ያየ ቤተሰብ «መርፌውን ትንሽ ጨምሩላቸው» ይላል። አባት ምርቃና ላይ ናቸውና እራት አያሰኛቸውም፤ «በኋላ እበላለሁ» ይላሉ። የለስላሳው ስኳር በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ኢንሱሊኑ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ጠዋት ሲቀሰቀሱ ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ የሚናገሩትም አይያያዝም። ቤተሰቡም «የጫቱ ነው፣ ይተኙበት» ብሎ በሩን ይዘጋላቸዋል።

ሁለተኛው ጾም ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በ13 አገሮች፣ ከ12 ሺህ በሚበልጡ ስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገው «ኤፒዲያር» የተባለ ሰፊ ጥናት፣ በረመዳን ወር ሆስፒታል የሚያደርስ የስኳር መውረድ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞች ላይ ከሌላው ጊዜ 7.5 ዕጥፍ፣ በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ደግሞ 4.7 ዕጥፍ ጨምሮ አግኝቷል። ሸሪዓው ለታመመ ሰው ፈቃድ እንደሰጠ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ የሰባ አምስት ዓመት እናት «ዘንድሮ አይጹሙ» ሲባሉ የሚሰማቸውን ማናናቅ አይገባም፤ ከማኅበረሰቡ የወጡ ያህል ነው የሚሰማቸው። ስለዚህም ብዙዎቹ ይጾማሉ፤ ለሐኪሙም አይነግሩትም። የሱሑር ክኒናቸውን እንደ ወትሮው ይውጣሉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ማግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል ብለው ይታገሣሉ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት የምታስፈራው። በከተሞቹ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን እናቶችም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ሲቆዩ ነገሩ ያው ነው፤ ያውም ቀኑ 55 ነው።

ሦስተኛው ማንም የማያወራለት ነው፤ የሕክምና ቀጠሮው ቀን ራሱ። «ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ» ይባላል፤ የጾም ስኳር ስለሚለካ። ከሚኤሶ፣ ከበደሳ ወይም ከመቻራ የሚነሳ አረጋዊ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ይደርሳል፣ መኪናው እስኪሞላ ይቀመጣል፣ ጭሮ ሲደርስ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ከዚያ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ደግሞ ሐኪሙ ክፍል በር ላይ። ማታ የተወጉት ኢንሱሊን ገና በሰውነታቸው አለ። «መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጡ» ስለተባሉ የጠዋቱንም ክኒን የዋጡ አሉ። ወረፋው እስከ ቀትር ከሄደ፣ ስኳራቸውን ሊያስተካክሉ የመጡት ሰው ስኳራቸው የሚወርደው በሕክምና ተቋሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ደክሟቸው ያንቀላፉ የሚመስሉትን አረጋውያን የሚቀሰቅስ፣ ደም ከተቀዳ በኋላ «እማማ፣ አሁን ይብሉ» የሚል ሰው እንዲኖር ገንዘብ አይጠይቅም።

ቆላው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ወባ አለ፤ ከባድ ወባ ራሱ ስኳር ያወርዳል፣ ለወባ የሚሰጠው ኪኒንም እንዲሁ። ከፋርማሲ ያለ ምክር የሚገዙት ኮትሪሞክሳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲገናኙ ስኳሩን አብዝተው ሊያወርዱት ይችላሉ። አብሽና ሺፈራው ለስኳር ጥሩ ናቸው ተብሎ በብዛት ሲወሰዱም በመድኃኒቱ ላይ ይደመራሉ። ሕመምተኛው ሲያተኩስ፣ ሲያስመልስ ወይም ሲያስቀምጥ ምግብ እንደማይቀበል ደግሞ የታወቀ ነው።

ርካሹ ክኒን

«መርፌ ነው እንጂ ክኒን ምን ያደርጋል» የሚል ሌላ የተሳሳተ እምነት አለ። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን እየጎተጎተ ኢንሱሊን እንድታመነጭ የሚያደርግ ክኒን ነው፤ ሰውየው በላም አልበላም ይጎተጉታታል። ክኒኑን ጉበት ይሰባብረዋል፤ ከእሱ ከሚወጡት ዝቃጮች ግማሽ ያህሉ ከሰውነት የሚወገዱት በኩላሊት በኩል ነው። የአረጋዊ ኩላሊት ደግሞ በዕድሜም፣ በደም ግፊትም፣ በራሱ በስኳሩም የተዳከመ ነው። ስለዚህ የትናንቱ ክኒን ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩን ሲያድስ ግሊቤንክላማይድን በግሊክላዛይድ ተክቶ፣ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ አይደለም የሚል ማስታወሻ ጨምሯል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ባለሙያዎችም ለአረጋውያን ከማይመከሩት መድኃኒቶች ተራ አስገብተውታል። እኛ ጋ ግን ርካሽ ስለሆነና ስለሚገኝ፣ ከሜትፎርሚን ቀጥሎ ቶሎ እጅ የሚገባው እሱ ነው።

በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ሌላም ክፉ ጠባይ አለው፤ ተመልሶ ይወርዳል። ራሳቸውን ስተው ጤና ጣቢያ የደረሱ አባት በደም ሥር ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ዓይናቸውን ሲገልጡ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ክኒኑ ግን ሰውነታቸው ውስጥ ነው። ግሉኮሱ ሲያልቅ፣ ምናልባት እኩለ ሌሊት ላይ፣ እንደገና ይወርድና በዚያ ሰዓት የሚያያቸው ሰው አይኖርም። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ኩላሊቱ ከደከመ ከዚያም በላይ፣ በባለሙያ ዓይን ሥር ሆኖ ስኳሩ እየተለካ መቆየት አለበት። «ነቅተዋል፣ ውሰዷቸው» ማለት አይበቃም። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ግን ስኳርን እንዲህ አያወርድም፤ ለብዙ አረጋውያን፣ ኩላሊታቸው ከፈቀደ፣ እሱ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

«ካልወረደ እግር ይቆረጣል» ለሚሉት

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የማይዋጥላቸው ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። «አንተ ስለ መውረድ ታወራለህ፤ እኛ የምናየው ግን የወጣውን ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ በአገራችን በተለያዩ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ከግማሽ የሚበልጡት ታካሚዎች ስኳራቸው ከታሰበላቸው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እግሩ ቆስሎ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ኩላሊቱ ደክሞ የሚመጣው ብዙ ነው። ስኳሩ አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ ደርሶ ውኃው የተመጠጠ አረጋዊም በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለቤተሰብ «ዝቅ ያለውን ፍሩ» ብለን ከነገርነው፣ መድኃኒቱን በገዛ ሥልጣኑ ያቆማል፤ ያኔ የባሰ ይመጣል የሚለው ሥጋታቸው የሚናቅ አይደለም።

እኔ ግን አማካይ ከፍ ማለቱ ከመውረድ ያድናል የሚለው ሐሳብ አያሳምነኝም። በርጫ ላይ ሦስት መቶ ሆኖ ሌሊት ሃምሳ የሚገባው ያው አንድ ሰው ነው። የጠዋት አንድ ቁጥር፣ ያውም በሁለትና በሦስት ወር አንዴ የሚለካ፣ ይህን ውጣ ውረድ አያሳይም፤ ከፍ ብሎ ከተገኘ ልክ ይጨመራል፣ የተጨመረው ልክ ደግሞ ሌሊቱን ያብሰዋል። ከዚህም በላይ ስኳርን ጥብቅ አድርጎ የመቆጣጠር ጥቅም የሚገኘው በዓመታት ነው። ጥብቅ ቁጥጥር ዓይንንና ኩላሊትን እንደሚጠብቅ ያስመሰከረው፣ ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ታላቁ የእንግሊዝ ጥናት፣ የተካሄደው ሲመዘገቡ ከ25 እስከ 65 ዓመት በነበሩና ሕመሙ ገና በታወቀባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ጥቅሙም የታየው አሥር ዓመት ገደማ ከተከታተሏቸው በኋላ ነው። ሰማንያ ለሞላቸው፣ ልባቸውና ኩላሊታቸው ለደከመ እናት የአሥር ዓመቱን ትርፍ እያሰብን የዛሬዋን ሌሊት ማስያዝ ፍርድ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎችን ያሳተፈው «አኮርድ» የተባለው ጥናት ደግሞ፣ ስኳርን ወደ ጤናማ ሰው ልክ ለማውረድ የታገለው ክፍል በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. ያለ ጊዜው እንዲቆም ተደርጓል፤ በጥብቅ ከታከሙት 257፣ ከሌሎቹ 203 ሰዎች ሞተው ስለተገኙ። የሞቱ ምክንያት የስኳር መውረድ ነው ብሎ ጥናቱ አላረጋገጠም፤ ይህን አልደብቅም። «በወረደ ቁጥር ይሻላል» የሚለውን ግን አፍርሶታል።

ከዚያ በኋላ የወጡት መመሪያዎች ለአረጋውያን ግቡን ያላሉት ለዚህ ነው። ሕመም ለተደራረበበት አረጋዊ የጠዋት ስኳር ከ90 እስከ 150፣ እጅግ ለደከመ ደግሞ ከ100 እስከ 180 ቢሆን፣ ሊተኙ ሲሉም ከ110 እስከ 200 ቢሆን የአሜሪካው ማኅበር ይቀበለዋል። ለደከሙት 180 ሽንፈት አይደለም። በተቃራኒው፣ ኢንሱሊን የሚወጉ የሰማንያ ዓመት አረጋዊ ጠዋት 85 ሆነው ሲገኙ ባለሙያው ሊደነግጥ ይገባል፤ ሌሊቱን የት ደርሶ እንደነበር አይታወቅምና። እግርን ከመቆረጥ የሚያድነው ደግሞ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። እግርን በየቀኑ ማየት፣ ባዶ እግር አለመሄድ፣ ቁስልን ቶሎ ማሳየት፣ የደም ግፊትን መቆጣጠር ለአረጋዊ ከዚህ ያነሰ ሥራ አይሠሩም፤ ማንንም ሌሊት ላይ አይጥሉም።

«አማራጭ መድኃኒት የለም» የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት ነው። ግሊክላዛይድ ሁልጊዜ አይገኝ ይሆናል፤ የመለኪያ ስትሪፕ ውድ ነው። ግን ልክን መቀነስ ገንዘብ አይጠይቅም። ክኒኑን ከምግብ ጋር ማሰር ገንዘብ አይጠይቅም። «ካልበሉ ግሊቤንክላማይዱን አይውጡ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ በካርዳቸው ጀርባ ላይ ብትጻፍ ወጪ የላትም። «ጫቱን ያቁሙ» ብሎ መክሮ መሸኘትም መልስ አይሆንም። ሃምሳ ዓመት የቃሙ ሰው በአንድ ምክር አይተዉም፤ የሚያተርፉት ለሐኪም መዋሸትን ነው። ከበርጫው በፊት ጠገብ ያለ ምሳ፣ ከበርጫው በኋላ ትንሽም ቢሆን እራት፣ ካልሆነም ወተት ያለበት ሆጃና ቂጣ ሳይቀምሱ እንዳይተኙ ማስማማት ይሻላል። የበርጫ ላይ ቁጥርን አይቶ መርፌ መጨመር ግን ጨርሶ መቅረት አለበት።

ከማን ምን ይጠበቃል

ከሁሉ በፊት ቤተሰብ አንድ ነገር ይወቅ፤ ስኳር ያለባቸው አረጋዊ ድንገት ጠባያቸው ከተለወጠ፣ ከተንተባተቡ፣ ከፈዘዙ ወይም ካላባቸው፣ መለኪያ ካለ ይለኩ፣ ከሌለም እንደወረደ ቆጥረው ይርዷቸው። መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ሦስት፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መስጠት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻላቸው መድገም፤ ሲሻላቸው ደግሞ ምግብ ማብላት። ግምቱ ስሕተት ሆኖ ስኳራቸው ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ ይህች ትንሽ ስኳር አትገድላቸውም። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አይግባ፤ ማርም፣ ውኃም፣ ወተትም ሳንባቸው ይገባል። በጎናቸው አስተኝቶ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ የሚውጡትንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ረመዳን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ መጾም የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ የመድኃኒቱን ሰዓትና ልክ ማስቀየር አለባቸው። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ጾሙ ይፈታል፤ ማግሪብ አምስት ደቂቃ ቢቀረውም። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ስለሚስማሙበት፣ የመስጊድ ኢማሞቻችን ይህን ደጋግመው ቢናገሩት ከማናችንም በላይ ይሰማሉ።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እናቶችንና ሕፃናትን በመታደግ ስማቸው ተነስቷል። በዚያው ጉብኝታቸው መርፌውን ማን እንደሚቀዳ፣ በምን ሲሪንጅ እንደሚቀዳ፣ ማታ እራት ይበላ እንደሆነ ቢጠይቁ የሚድን ሰው አለ። ለጭሮ፣ ለገለምሶና ለሂርና ሆስፒታሎች የስኳር ክትትል ክፍሎች ደግሞ ሦስት ልመና አለኝ። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑትንና ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱትን ታካሚዎች ካርድ ለብቻ አውጥታችሁ አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ኩላሊታቸውን ለኩ፣ መቀየር ወይም መቀነስ የሚቻለውን ቀንሱ። በቀጠሮ ቀን አረጋውያንን አስቀድሙ፤ ደማቸው እንደተቀዳም ምግብ እንዲቀምሱ አድርጉ። ስኳሩ ስንት ሆነ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊትም፣ «ባለፈው ወር ሌሊት አልቦዎት፣ ግራ ገብቶዎት ወይም ወድቀው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን አብሯቸው ለመጣው ልጅም አቅርቡለት፤ ሌሊቱን ያየው እሱ ነውና።